ስምህን ጠብቅ፤ የባልንጀራህንም ስም አትልበስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሌላው ሰው የሚለይበት የመጀመሪያው ነገር ስሙ ነው። በስሙ ተጠምቆ ከክርስቲያን ወገን ይቆጠራል፤ በስሙ ያገባል፤ በስሙ ይወርሳል፤ ሲሞትም በስሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። በዘመናችን ደግሞ በዚህ ላይ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ይኸውም የሽማግሌው የዕለት እንጀራና የመበለቲቱ የልጆች ማሳደጊያ በስም፣ በቁጥርና በጣት አሻራ የሚደርስ መሆኑ ነው። እንግዲህ የድሀውን ስም የሰረቀ ስሙን ብቻ ሰርቆ አይቀርም፤ ከማዕዱ ላይ እንጀራውን ያነሣል። ዛሬ ለውድ አንባብያን ልናስረዳ የወደድነው ነገር ይህ ነው፤ የጡረተኛው ስምና የምሥጢር ቁጥር ከእግዚአብሔር የተሰጠ የእንጀራው በር ነው፤ ባለቤቱ ሊዘጋው ይገባዋል፤ እኛም፣ ካህናት ብንሆን፣ ልጆች ብንሆን፣ ጎረቤቶች ብንሆን፣ ክፈትልን ልንለው አይገባንም።

በባሕር ዳር ከተማ ፔዳ የሚባል ሰፈር መኖሩ የታወቀ ነው። ስሙ ፔዳጎጂ ከሚለው ቃል አጥሮ የቀረ ሲሆን፣ መነሻውም በ1965 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ያም ትምህርት ቤት በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዚያ ተምረው ወጥተው ሠላሳና ዐርባ ዓመት ጠመኔ ይዘው የሰው ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ብዙዎች ዛሬ ጡረተኞች ናቸው። ወር ሲሞላ ወደ ባንክ ይሄዳሉ፤ ወይም በእጅ ስልካቸው የገንዘባቸውን መድረስ ይጠባበቃሉ።

ይህ የሚጠባበቁት ገንዘብ ምጽዋት እንዳይመስለን። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ሥርዐት የተሠራለት ነው፤ ከብዙ ዘመን በኋላም አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ወጥተዋል። ሠራተኛው በየወሩ ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው መንግሥት ደግሞ ከመቶ 11 እየከፈሉ የሚከማች ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ ይቀበለዋል፤ ሲሞትም ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱት ልጆቹ ድርሻቸው ይተላለፋል። ስለዚህ ጡረታ የጉልበት ዋጋ ነው፤ ዘግይቶ የሚከፈል ደመወዝ ነው። የሠራተኛውን ደመወዝ ማስቀረት በእግዚአብሔር ፊት የሚጮኽ ኀጢአት መሆኑን ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 አስተምሯል። በወጣትነቱ የደከመበትን ሰው በእርጅናው ጊዜ፣ ጉልበቱ በደከመበት፣ ዐይኑ በፈዘዘበት ወራት የሚሰርቅ ምንኛ የከፋ ነው!

ይህ የስርቆት ዐይነት በመሣሪያው አዲስ ቢሆንም በጠባዩ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 የተጻፈውን እናስብ። ይስሐቅ ሸምግሎ ዐይኑ ፈዝዞ ነበር። ርብቃ ለታናሹ ልጅ የታላቁን ልብስ አለበሰችው፤ በእጆቹና በአንገቱ ላይ የፍየል ጠቦት ሌጦ አደረገችለት፤ ሽማግሌው የሚወደውን መብልም አዘጋጀችለት። እርሱም ገብቶ በወንድሙ ስም ራሱን ጠራ። ይስሐቅ ድምፁን ሰምቶ ተጠራጥሮ ነበር፤ ነገር ግን እጁን ዳሰሰ፣ ልብሱን አሸተተ፣ ጆሮው የነገረውንም ተወ። ስለዚህ በረከት መተርጕማን አባቶቻችን ብዙ አመሥጥረዋል፤ የእግዚአብሔርም ምርጫ ከሰው ተንኰል በላይ መሆኑ የታወቀ ነው። እኛ ግን በዚህ ቦታ የምንመለከተው አንዱን ነገር ነው፤ ሽማግሌው የተታለለው ልጁን ባለማወቁ ሳይሆን፣ ምልክቱ በሌላ ሰው እጅ በመገኘቱ ነው።

ዋጋውስ ምን ሆነ? ያዕቆብ ከአባቱ ቤት ተሰደደ። በላባ ቤት በራሔል ፈንታ ልያን በሌሊት አስገቡለት። በሸመገለም ጊዜ የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው አመጡለት። በልብስና በፍየል አባቱን ያታለለ፣ በልብስና በፍየል በልጆቹ ተታለለ። የተመረጠው አባት ይህ ካገኘው፣ የመበለት ጡረታ የሚበላ ሰው ምን ተስፋ ያደርጋል?

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የከፋ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው ኤልዛቤል በአክዓብ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመችው፤ ወደ ናቡቴ ከተማ ሽማግሎችም ላከችው። ሽማግሎቹ ማኅተሙን አዩ እንጂ የያዘውን እጅ አልጠየቁም። ናቡቴም በሐሰት ምስክር ተወግሮ ሞተ፤ የአባቶቹ ርስትም ተወሰደ። ማኅተም ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ እስከ ደም እንደሚያደርስ ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ባንኮችም ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ ካስለመዱ ወዲህ፣ ኤልዛቤል የጨበጠችው ማኅተም በየሰዉ ኪስ ገብቷል። በፔዳ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር በቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ስልካቸው ጮኸ እንበል። ደዋዩ በትሕትና ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ ስማቸውንም ያውቃል። «አባባ፣ ከባንክ ነው የምደውለው። የጡረታ ሒሳብዎ ስላልታደሰ ዛሬ ሊዘጋ ነው። እንዳይቸገሩ ብለን ነው። አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላቸዋል። ያ ቁጥር ምንድን ነው? ሌባው በእርሳቸው ስም ወደ ሒሳባቸው ለመግባት ሲሞክር፣ ባንኩ እውነተኛውን ባለቤት ለማረጋገጥ የላከው የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ባለቤቱ ብቻ እንዲያየው የተላከ ነው። ያን ቁጥር ማንበብ የማኅተም ቀለበትን አውልቆ ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው። አንዳንዱ ደዋይ በዛቻ ፈንታ ሽልማት ደረሰዎት፣ ወይም ርዳታ ተፈቀደልዎት ብሎ ይመጣል። ፍርሀትና ተስፋ ሁለቱ የሌባ በሮች ናቸው።

የሌባው ምልክት ማቻኰልና ማታከት ነው። ሶምሶን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16 እንደምናነበው የኀይሉን ምሥጢር ሦስት ጊዜ ሸሽጎ ነበር፤ በየቀኑ ስትነዘንዘው ግን ነፍሱ ተጨነቀችና በአራተኛው ገለጠው። ኀይሉን ያጣው በጦር አይደለም፤ በመታከት ነው። ስለዚህ ማንም ቢያቻኩላችሁ መልሱ ስልኩን ዘግቶ ራስ ወደ ባንክ መሄድ ነው። እውነተኛ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት የምሥጢር ቁጥርን በስልክ አይጠይቅም።

ሌባ ሁሉ ግን ከሩቅ አይመጣም። ፊደል ያልለዩ እናት በገንዘብ መክፈያው ማሽን ፊት ቆመው አጠገባቸው ያገኙትን ወጣት «ልጄ፣ አውጣልኝ» ብለው ካርዳቸውን ከነቁጥሩ ይሰጡታል። የልጅ ልጅ የአያቱን ስልክ ይዞ ትንሽ ትንሽ ይወስዳል፤ «ከቤት ገንዘብ መውሰድ ስርቆት አይደለም» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ሌላው የመታወቂያ ወረቀታቸውን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጉዳይ አስፈጻሚ ይልካል፤ ያም ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ማን ዘንድ እንዳደረ አይታወቅም። የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውሀን በአንድ ጊዜ አያስገባም፤ ቀስ በቀስ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ካላደረቁትም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የሰውም ምሥጢር በአንድ ቀን አያልቅም፤ ዛሬ ስሙ፣ ነገ የልደት ቀኑ፣ ከነገ ወዲያ የደብተሩ ቁጥር እየወጣ፣ በመጨረሻ ባለቤቱ በገዛ ስሙ እንግዳ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። «እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ አብረን እንበላለን፣ አብረን እናለቅሳለን፤ ከጎረቤትና ከዘመድ መሸሸግ ፍቅርን ያጠፋል። ይልቁንም ከንስሐ አባት የሚሰወር ነገር አለን?» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልሱ እንዲህ ነው። ለንስሐ አባት የሚገለጠው ኀጢአት ነው፤ ማኅተም አይደለም። ካህኑ የታሰረውን ሊፈታ ሥልጣን ተቀበለ እንጂ የገንዘብን ቁልፍ ሊይዝ አልተቀበለም። የበጎች እረኛ በበሩ ይገባል፤ በሌላ በኩል የሚወጣ ግን ስሙ የታወቀ ነው። የንስሐ ልጁን የምሥጢር ቁጥር የጠየቀ ካህን፣ ምንም በጎ ሐሳብ ቢኖረው፣ ነገ ገንዘቡ ሲጎድል ራሱን ለጥርጣሬ፣ ልጁንም ለሐሜት ኀጢአት አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ «አባቴ፣ ይህን አልነግርዎትም» የሚል ምእመን አባቱን አልናቀም፤ አከበረው እንጂ።

አባቶቻችንና እናቶቻችንም ስምን መጠበቅን ያውቁ ነበር። በአገራችን ብዙ ሰው የክርስትና ስሙንና የእናቱን ስም በአደባባይ አያወጣም ነበር፤ ጠንቋይ እነዚህን እየጠየቀ ሟርት ያደርግባቸዋል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበር ነው። ቤተ ክርስቲያን ጠንቋይን ፍሩ ብላ አታስተምርም፤ የተጠመቀ ሰው በመስቀል ኀይል ይጠበቃልና። ነገር ግን ዛሬ በባንክ ቤት ሒሳብ ለመክፈት የሚሞላው ቅጽ የእናትን ስም እንደሚጠይቅ ስናይ፣ የእናቶቻችን ጥንቃቄ በሌላ ምክንያት ጥቅም ላይ መዋሉን እናስተውላለን። ጠንቋዩን ትተን ጥንቃቄውን እንያዝ።

መዝገብን መጠበቅም ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ሥራ አይደለም። በብዙ አድባራትና ገዳማት የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌሉ መጽሐፍ ክፍት ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር፤ የምስክሮቹም ስም ይዘረዘራል፤ የሚፍቀውና የሚለውጠውም ይወገዛል። ይህ የተደረገው ስለ ምንድን ነው? የጽሑፉ ክብር ከወንጌሉ ክብር ጋር ተጣምሮ የሰው እጅ እንዳይደፍረው ነው። በጣና ደሴት የዳጋ እስጢፋኖስ መነኮሳት የነገሥታቱን ዐፅምና የዕቃ ቤቱን ንብረት በአደራ ጠብቀው እስከ ዘመናችን ያደረሱት አደራን ከነፍስ ጋር አስተሳስረው ስለሚያዩ ነው።

ገዳሙ የሚጠራበት ቅዱስ እስጢፋኖስም ለዚህ ነገር ታላቅ አብነት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በዕለት ዕለቱ ዕደላ መበለቶች ችላ ስለ ተባሉ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያትም ነገሩን ንቀው አልተዉትም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን፣ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች መርጠው በማዕዱ ላይ ሾሙ። የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነበር። ቀዳሜ ሰማዕት ከመሆኑ በፊት የመበለቶች ድርሻ ጠባቂ ነበረ። ዲያቆናት ሆይ፣ ሹመታችሁ ከዚህ መጀመሩን አትርሱ።

ስለዚህ ለወንድሞቻችን ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻና የጥምቀት ማስረጃ ትሰጣለች፤ በዚያ ወረቀት መበለቲቱ የሟች ሚስት መሆኗን፣ ልጁም የሟች ልጅ መሆኑን ያስረዳሉ። እንግዲህ ባላየው ጋብቻ ላይ ማኅተም የሚያሳርፍ ካህን የኤልዛቤልን ደብዳቤ ጻፈ፤ እውነተኛይቱን መበለትም ከማዕዷ አስነሣ። «ለድሀ አዘንሁ» ማለት ምክንያት አይሆንም፤ የአንዱን ድሀ ድርሻ ለሌላው መስጠት ርኅራኄ አይባልምና። ሁለተኛ፣ ጡረተኛ ሲሞት ቤተ ሰቡ ለጡረታ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ በለቅሶው ቤት በቀስታ እንምከር። በሙት ስም ገንዘብ መቀበል የሙታንን ስም መልበስ ነው፤ ጸሎተ ፍትሐት ባደረግንለት ሰው ስም ሐሰት ሲሠራ እያወቅን ዝም ማለት አይገባንም። ሦስተኛ፣ የሚረዱ ነዳያንን ስም ዝርዝር ከነመታወቂያ ቁጥራቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንለጥፍ፤ ሲረዱም ፎቶግራፍ እያነሣን አናሠራጭ። ጌታችን ቀኝ እጅ የምታደርገውን ግራዋ አትወቅ ያለው ለሰጪው ትሕትና ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩም ክብር ነው።

የአገራችንም ሕግ ይህን ነገር ችላ አላለውም። በአዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሌላውን ማንነት መስረቅና ማታለል ወንጀል ተብሎ ተደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ የሚባለው የዲጂታል መታወቂያ በሕግ ጸንቷል፤ የሰውየው የጣት አሻራ፣ የዐይኑ ብሌንና ፊቱ ተመዝግበው ባለ 12 አኀዝ ቁጥር ይሰጠዋል። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃን የሚሰበስቡ መሥሪያ ቤቶች እንዲጠብቁት ታዝዘዋል። ፋይዳ አንድ ሰው በሁለት ስም እንዳይመዘገብ ይረዳል፤ ነገር ግን ቁጥሩን ለማንም መዝራት አይገባም። የምሥጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይለወጣል፤ እግዚአብሔር በማኅፀን የሣለው የጣት አሻራ ግን አይለወጥም። በማናቸውም ሰው መሣሪያ ላይ ጣትን ከማሳረፍ በፊት «ይህ ለምን ነው? ለማንስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን ከውጭ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአሜሪካ መንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር መስጠት በጀመረ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. አንድ የገንዘብ ቦርሳ ፋብሪካ ለማሳያ ብሎ የአንዲት ጸሐፊውን እውነተኛ ቁጥር በካርድ አትሞ በየቦርሳው ውስጥ አስገባ። ካርዱ ናሙና የሚል ቃል ተጽፎበት ሳለ፣ ገዢዎች የራሳቸው አድርገው ያዙት። በ1943 እ.ኤ.አ. 5,755 ሰዎች በዚያ ቁጥር ይጠቀሙ ነበር፤ በጠቅላላው ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ቁጥሩ የእኔ ነው ብለዋል። ለጸሐፊዋም አዲስ ቁጥር እስኪሰጣት ድረስ ደረሰ። እርሷ ምንም አላጠፋችም፤ የአሠሪዋ ቸልተኝነት ግን ስሟን የሕዝብ አደረገባት። እንግዲህ የሰውን ቁጥር በእጃችን የያዝን ሁሉ፣ አለቃም ብንሆን ጸሐፊም ብንሆን፣ የያዝነው ወረቀት አይደለም፤ ሰው ነው።

ለምእመናን የምንመክረው ጥቂት ነው። የምሥጢር ቁጥርን በካርዱ ወይም በስልኩ ሽፋን ላይ አትጻፉ፤ የልደት ዓመታችሁንም ምሥጢር ቁጥር አታድርጉ። በስልክ የገባላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አታንብቡ። የጡረታ ደብተርንና መታወቂያን ከቤት ዕቃ ጋር አትጣሉ፤ ቅጂ ስትሰጡም ለምን ጉዳይ እንደ ሰጣችሁ በላዩ ላይ ጻፉበት። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ የባንኩን ሠራተኛ በመስኮቱ ጠይቁ እንጂ በደጅ የቆመውን አትጠይቁ። መሄድ ያቃተው ሽማግሌ በሕግ ውክልና የታወቀ አንድ ሰው ይወክል፤ ስሙንና ቁጥሩን ለመንደሩ አይበትን። ልጆችም ሆይ፣ ወላጆቻችሁን በዚህ አስተምሩ፤ ስታስተምሩ ግን ቁጥሩን ሲጽፉ ፊታችሁን መልሱ። የኖኅ ሁለቱ ልጆች ፊታቸውን ወደ ኋላ መልሰው የአባታቸውን ዕራቁትነት እንደ ሸፈኑ፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

የተሰረቀስ ቢኖር? አይፈር፤ አይዘግይም። በዚያው ሰዓት ለባንኩ ያስታውቅ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ በ951፣ የስልክ መስመሩ የተወሰደበትም ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይደውል፤ ከዚያም ለጡረታ መሥሪያ ቤትና ለፖሊስ ያመልክት። ብዙ ሽማግሌዎች ልጆቻቸው እንዳይስቁባቸው ብለው ዝም ይላሉ፤ በዝምታቸውም ሌባው የቀረውን ይወስዳል። ስለዚህ የተታለለውን ሰው አንዝበትበት። ይስሐቅ ተታሎ ባወቀ ጊዜ እጅግ ታላቅ መንቀጥቀጥ ተንቀጠቀጠ ተብሎ ተጽፎለታል እንጂ ሞኝ አልተባለም። ነውሩ የአታላዩ ነው።

በሌላው ስም የበላ ግን ቢኖር፣ የልጅ ልጅም ቢሆን፣ የመዝገብ ሹምም ቢሆን፣ ወረቀት ያተመ ካህንም ቢሆን፣ መንገዱ የዘኬዎስ መንገድ ነው። ዘኬዎስ ተጸጸትሁ ብሎ ብቻ አልተቀመጠም፤ ያታለለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ያን ጊዜም ለቤቱ መዳን ሆነ። ሳይመልሱ ንስሐ ገባሁ ማለት የዔሳውን ልብስ ለብሶ በሠርግ ቤት መቀመጥ ነው።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዳችን በገዛ ስማችን እንጠራለን። ያን ጊዜ የሌላውን ስም ለብሶ መቆም የለም፤ የሕይወት መጽሐፍ አይፋቅም፤ ማኅተሙም በሌላ እጅ አይያዝም። ስማችን በዚያ መጽሐፍ ተጽፎ እንዲገኝ፣ በዚህ ዓለም የድሀውን ስም ከነእንጀራው ጠብቀን ለባለቤቱ እንድናደርስ፣ የመበለቶችና የድሀ አደጎች አባት እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።